እረፍት በክፍያ

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከአጠና ተራ እስከ ቤተል የሰላምታችን መልስ አንድ ሆኗል። ድሮ ‹‹እንዴት ነህ?›› ሲባል ክርስቲያኑ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን››፣ ሙስሊሙ ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ይል ነበር። አሁን ሁለቱም ‹‹ሩጫ ነው ባክህ›› ይላሉ። የሚሉትም ቆመው ነው፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ወይም ሱቅ በር ተደግፈው። ወዴት እንደሚሮጡ የሚጠይቃቸው የለም። ሰላምታ አቅራቢውም ራሱን ነቅንቆ ‹‹ምን ይደረግ፣ ኑሮ ነው›› ይልና ወደ ራሱ ሩጫ፣ ማለትም ወደሚቀጥለው ሰልፍ ያመራል።

ይህ እሮሮ እንዳይመስላችሁ። ማዕረግ ነው። ‹‹ደክሞኛል›› ማለት ሥራ አለኝ፣ ተፈላጊ ነኝ፣ ስልኬ ሲጮኽ ይውላል፣ ያለ እኔ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም ማለት ነው። ‹‹ደህና ተኝቼ፣ ደህና በልቼ፣ አርፌ ነው የመጣሁት›› የሚል ሰው ቢገኝ ሰፈሩ ሁለት ነገር ይጠረጥራል፤ ወይ ከሥራ ተባሯል፣ ወይ ዲቪ ደርሶታል። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉ ገብቶ ጋደም ያለ ጎልማሳ እናቱ በሩን ገርበብ አድርገው ‹‹ምነው ልጄ፣ አመመህ?›› ይሉታል። ‹‹ኧረ ደህና ነኝ እማዬ፣ እያረፍኩ ነው›› ካላቸው ጭንቀታቸው ይብሳል። ‹‹ከማን ጋር ተጣላህ?››

በጤና ማረፍ እንዲህ ካስጠረጠረ ሰው ሰበብ መፈለጉ አይቀርም። በእኛ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ተቀባይነት ያገኙት ሰበቦች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሕክምና፣ ሌላው ደረሰኝ።

ከሕክምናው እንጀምር። እዚህ ሰፈር ደከመኝ ያለ ሰው ወደ አልጋው አይሄድም፤ ወደ ክሊኒክ ነው የሚሄደው። ‹‹ምንህን ነው የሚያምህ?›› ሲባል ‹‹ጉልበት አጣሁ፤ ግሉኮስ ይተከልልኝ›› ይላል። ምርመራውንም ማዘዣውንም ራሱ ጨርሶ ነው የመጣው። ጨዋ ነርስ ገጥማው ‹‹ወንድሜ፣ ይሄ ለአንተ አያስፈልግም፤ ሄደህ ተኛ›› ብትለው ‹‹እዚህ ቤት ሕክምና አያውቁም›› ብሎ ቀጣዩን በር ያንኳኳል። ፈላጊ እስካለ ድረስ የሚተክል አይጠፋም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 5 በመቶው፣ የአንድ ሊትሩ የግሉኮስ ከረጢት ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ነው። በሻይ ማንኪያ ሲሰፈር ከ12 እስከ 13 ማንኪያ ይሆናል። ሻዩ ላይ ሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጨምር ሰው አራት ብርጭቆ ሲጠጣ ያንኑ ከረጢት ጨርሶታል ማለት ነው፤ ያውም ሳይወጋ፣ ከብስኩት ጋር። የሚሰጠውም ጉልበት ቢበዛ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ይበልጠዋል። ፈሳሽ ላለቀበት፣ መዋጥ ላቃተው፣ ስኳሩ ለወረደበት ሕመምተኛ ነፍስ ያድናል። በደህናው ቀን ምሳውን ረስቶ ለደከመው የጎማ ነጋዴ ግን በጣም ውድ የሆነ ሻይ ነው።

ሰውየው ተሽሎት መውጣቱን ግን ማንም አይክድም። ለምን አይሻለው? ሁለት ሰዓት ሙሉ ጋደም ብሏላ! መርፌው ያለበትን እጁን እንዳያንቀሳቅስ ስለተነገረው ስልክ መነካካት አልቻለም። ባለቤቱ በር ላይ ቆማ ‹‹አሁን አትረብሹት›› እያለች ጠያቂ ትመልሳለች። የቸኮለ ደንበኛ ደውሎ ‹‹ግሉኮስ ተተክሎለታል›› ሲባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ‹‹እግዜር ይማረው፣ ይረፍ›› ብሎ ይዘጋል። ያንኑ ሁለት ሰዓት ቤቱ ሶፋ ላይ ልውሰድ ቢል ግን ማን ፈቅዶለት? ልጆቹ ይወጡበታል፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ባለቤቱም ‹‹ከተመቸህማ አምፖሉን ቀይርልኝ›› ትላለች። ስለዚህ ከፍሎ፣ ተወግቶ አረፈ። ለሳምንት ያህልም ‹‹ግሉኮስ እስኪተከልልኝ ድረስ እኮ ነው የሠራሁት›› እያለ ያወራል። በሰፈራችን የድካም ማዕረግ እርከን ካለው፣ ይህ ኮሎኔልነት ነው።

አንድ ነገር ሳልቀልድ ልጨምር። እንቅልፍም ምግብም እያለ ለሳምንታት የማይለቅ ድካም ሌላ ጉዳይ ነው። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ ድባቴ፣ ሁሉም በድካም በር ነው የሚገቡት። ያኔ የሚያስፈልገው ምርመራ ነው፤ ‹‹ይህን ውጉኝ›› የሚል ትእዛዝ አይደለም። የሚገርመው ግን ግሉኮስ ለማስተከል ሁለት ክሊኒክ የሚዞር ሰው ‹‹እስቲ ደምህን ተመርመር›› ሲባል ጊዜ የለውም። ሩጫ ነዋ!

ወደ ደረሰኙ ስንመጣ ጂም ይቀድማል። ጂሞቻችን መስከረም ላይ ይሞላሉ፣ ጥቅምት ላይ ይተነፍሳሉ። የዓመት ለሚከፍል ቅናሽ አለ። ሰውየው የዓመቱን ከፍሎ፣ አዲስ ቱታ ገዝቶ፣ መስታወት ፊት ፎቶ ተነሥቶ ‹‹ጉዞው ተጀመረ›› ብሎ ይለጥፋል። ጉዞው በሁለተኛው ሳምንት ይጠናቀቃል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታትም ቢሆን ከቤቱ ጂሙ ድረስ የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ሆኖ ሳለ የሚሄደው በባጃጅ ነው። ወርዶ፣ ሒሳብ ከፍሎ፣ ትሬድሚል ላይ ይወጣና አሥር ደቂቃ ይራመዳል። ሲጨርስ ደክሞታል፤ በባጃጅ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። በአምስት ቀን ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ ይደርሳል። ከአየር ጤና ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን መንገድ እኩሌታውን በእግር የወጣ ሰው ይህን ግዴታ ጨርሶ ታክሲ ሊሳፈር ይችላል። አስፋልቱ ዳር አቧራና ጉድጓድ አለ የምትሉኝ ልክ ናችሁ፤ እኔም አልክድም። ግን ያው ሰው ጉድጓዱን ዘሎ ቁርጥ ቤት ሲገባ አይቼዋለሁ።

ከዚያ ስቲምና ሞሮኮ ባዝ ይከተላሉ። ገላ መታጠብን እዚህ ላይ አልተችም፤ አዲስ አበባ እኮ የተቆረቆረችው በገላ መታጠብ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከብርዳሙ እንጦጦ ወርደው ፍልውሃው አጠገብ ባይሰፍሩና በ1879 ዓ.ም. ቤት ባያሠሩ ኖሮ እኛም ዛሬ የምንሰለፍበት ከተማ አይኖረንም ነበር። መኳንንቱ ሲደክማቸው ወርደው ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነከራሉ፣ ይመለሳሉ፤ አበቃ። የዛሬው ተስተናጋጅ ግን እንፋሎት ውስጥም ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ይገባል። በላቡ መሀል ‹‹ሃሎ! ሃሎ! አይሰማም! ዕቃው ከመርካቶ ወጣ?›› ሲል ጎኑ ያለው ሰው ዕረፍት አብሮ ይተናል። ከፍለው የገቡት ሁለት ናቸው፤ ያረፈ ግን የለም።

ስፖርትና ጥንካሬ ሲነሣ ኮልፌ አንድ ትልቅ ኩራት አላት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ፣ ኮልፌ በነበረው የፖሊስ ካምፕ ነው። የሰፈሩ ሰው ይህን ለእንግዳ ሲያወራ ደረቱን ይነፋል፤ ለሥልጠናው አስተዋጽኦ ያደረገ ይመስል። የቀን ውሏቸውን ግን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ማንዴላ በሕይወት ታሪክ መጽሐፋቸው እንደጻፉት ልምምዱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ ገላ መታጠብና ምሳ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንደገና ልምምድ። ከዚያ በኋላ ኮሎኔል ታደሰ የተባሉ መኮንን የጦር ትምህርት ይሰጧቸዋል። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና ሳያልቅ ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ።

እንግዲህ አስቡት። እኒህ ሰው 43 ዓመታቸው ነበር፤ የቀራቸው ሥራ አፓርታይድን መጣል ነው። እንዲያም ሆኖ በ7 ሰዓት ታጥበው ምሳ ይበላሉ። ከካምፑ ብዙም የማይርቀው የዛሬው የሞባይል ቀፎ ሻጭ ደግሞ ‹‹ምሳ በላህ?›› ሲባል ‹‹የት አግኝቼ! ጊዜ የለም›› ይላል፤ ይህን የሚለውም ካርታ እየተጫወተ ነው። ማንዴላ በኋላ ሮበን ደሴት ታስረውም ከሰኞ እስከ ሐሙስ በጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ባሉበት ቆመው እስከ 45 ደቂቃ ይሮጡ፣ ፑሽ አፕና ሲት አፕ ይሠሩ ነበር። ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ያርፋሉ። እስረኛው ሰው የሦስት ቀን እረፍት ያውቅ ነበር። ነጻው የኮልፌ ሰው የአንድ ቀንም አያውቅ።

የእረፍት ቀን የለንም እንዳንል አለን። ያለንን ያህል ያለው ሕዝብ እንዲያውም ጥቂት ነው። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታይ መነኮሳት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ‹‹ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር›› ብለው ተገለሉ፣ ተሰደዱ። ክርክሩ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ተብሎ ተወሰነ። የፈረንጅ ፋብሪካ ሠራተኛ በሳምንት ሁለት ቀን ማረፍ ከመጀመሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ እኛ ዘንድ መነኮሳት ተሰድደውበት ያስገኙት ሕግ ነበር። ሙስሊሙም ወገናችን ጁምዓው አለው፤ የቀትሩም አጭር እንቅልፍ፣ ቀይሉላው፣ ሱና ነው።

እነዚያ መነኮሳት ግን ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ኮልፌ ቢገኙ ወደ ገዳማቸው እየሮጡ ይመለሱ ነበር። ቅዳሜ የገበያ፣ የመኪና እጥበት፣ የቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋና ‹‹በሥራ ቀን አልመች ያለኝ›› የተባለ ነገር ሁሉ ቀን ነው። ኮልፌ ውስጥ እፎይታ የሚባል የገበያ ቦታ አለ፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እዚያ ግቡና እፎይ የሚል ሰው ፈልጉ። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ መልስ እድር አለ፣ እቁብ አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ መድረስ አለ፣ ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ አሁን አሁን ደግሞ የሦስት ዓመት ሕፃን ልደት ከነዲኮሩ አለ። ከማኅበራዊ ኑሮ ሽሹ እያልኩ አይደለም፤ ሰው ያለ ሰው አያርፍም። ግን በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ የእድር ስብሰባ ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ እስከ 7 ሰዓት ሲከራከር ሳይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ሰንበትን በማክበሩ የሚቀጣ ሰው ከዘርዐ ያዕቆብ ወዲህ ያለው በእኛ እድር ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገናኙም ‹‹ዊክኤንድ እንዴት ነበር?›› ‹‹ኧረ ሩጫ ነው፤ አሁን እዚህ ትንሽ ልረፍበት።››

እስከ አሁን ‹‹ሰውየው፣ ሰውየው›› ስል የቆየሁት አውቄ ነው። ሴቶቹ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሉም። እነሱ የሚሮጡት በወሬ ስላልሆነ ‹‹ሩጫ ነው›› ለማለትም አልደረሳቸውም። ጥሩ እረፍት ብለን የምናወራውን ነገር ሁሉ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ከበስተጀርባው ያላረፈች ሴት አለች። በዓል ነው፤ ‹‹ዛሬ እንኳ ቤተሰብ ጋር ተሰብስበን አረፍን›› እንላለን። ዶሮዋን ገንጥሎ፣ አጥቦ 12 ብልት ያወጣ፣ ሽንኩርቱን ከንጋት ጀምሮ ያቁላላ ማን ነው? ‹‹ቡና እየጠጣን ዘና አልን›› እንላለን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ድረስ ከተቀመጥን አንድ ሰዓት በላይ ነው፤ እውነትም ደህና እረፍት ነው፤ ለተቀመጠው። አጥባ፣ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ፣ ቀድታ፣ ሲኒውን ሰብስባ የምታጥበው ዘና ስትል ያየ አለ? ማታ ደግሞ ‹‹ደከመኝ›› ብትል ከሶፋው ላይ የሚመጣላት መልስ የታወቀ ነው። ‹‹አንቺ ምን ሆነሽ? ቤት ነው የዋልሽው።›› ቤት ውላ የማትደክመው የቤቱን ሥራ የሚሠራላት ሰው ሲኖር ነው። የተቀጠረች ልጅ ካለችም ያው የማታርፈው ሌላ ሴት ሆነች እንጂ ነገሩ አልተለወጠም።

ይህ ሳይበቃ ባልየው ማታ በቴሌግራም ‹‹ለሴቶች ራስን የመንከባከብ ምክሮች›› የሚል ጽሑፍ ይልክላታል። ሻማ አብሪ፣ ለብ ባለ ውኃ ተነከሪ፣ ለራስሽ ጊዜ ስጪ የሚል። ውኃው ለአራት ቀን የጠፋበት ሰፈር ውስጥ፣ ሻማ የሚበራው መብራት ሲሄድ በሆነበት ቤት! ምክሩን ከመላክ ተነሥቶ ሽንኩርት መላጥ ይሻላል። ለአንዲት የኮልፌ እናት ጉልበት የሚመልስላት ልማድ እንቅልፍ ወይም የእግር ጉዞ ከመሆኑ በፊት ሌላ ሰው የሚያጥበው ሰሃን ነው።

ቡናን ካነሣን አይቀር፣ እሱም ዕረፍትነቱን ትቶ ነዳጅ ሆኗል። በየማዕዘኑ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ የሚጠጣው የጀበና ቡና አሁን ከወሬ ጋር ሳይሆን ከስልክ ጋር ነው የሚወርደው፤ የሚጠጣውም ‹‹ልንቃ›› ተብሎ ነው። ካፌይን ድካምን አያጠፋም፤ ድካምን ለአእምሮ የሚያሳውቀውን ኬሚካል ለጊዜው እንዳይሰማ ያደርገዋል እንጂ። ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ ይገኛል። ማታ 1 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና እኩለ ሌሊት ላይ ግማሽ ሲኒ ሆኖ አብሮ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ባለቤቱ ግን አልተኛም። ጫቱም ወንድሙ ነው። ‹‹እኔ የምቅመው ለሥራ ነው›› የሚል አለ። ከሰዓት በርጫ፣ ከበርጫ ምርቃና፤ በምርቃናው ሦስት ድርጅት አቋቁሞ፣ አንዱን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ማታ እንቅልፍ ሲከለክለው ለጨብሲ ቢራ፣ ጠዋት ራሱን ሲያመው ቡና፣ ከሰዓት ደግሞ ያው በርጫ። ከአራጣ አበዳሪ የተወሰደ ብድር ነው፤ ጉልበቱ የነገ ነው፣ ወለዱም በየቀኑ ይጨምራል። የዚህ ሁሉ ዋና ዕዳ እንቅልፍ ነው፤ ዕዳውን ደግሞ በቡና የከፈለ የለም።

እንቅልፋችንማ ጉድ ነው። አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት ይላሉ ሐኪሞች። የኮልፌ ሰው ይህን ኮታ በክፍልፋይ ነው የሚያሟላው፤ ትንሽ አልጋ ላይ፣ ትንሽ ታክሲ ላይ፣ የቀረውን ስብሰባ ላይ። ጦር ኃይሎች የተሳፈረ ሰው ሜክሲኮ እስኪደርስ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ይተኛል። ባለትከሻውም አይቆጣም፤ እሱም ወደ መስኮቱ ተደግፎ ተኝቷል። ረዳቱ ‹‹ወራጅ አለ?›› ሲል ሁሉም በአንድ ላይ ይባንናል፤ ግማሹ ወራጁ የት ጋ እንደነበረ ይጠይቃል። የከተማችን ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጥበብ ተገኘ፤ ቆሞ መተኛት። ጦር ኃይሎች መነሻ ስለሆነ ቀድሞ የገባ መቀመጫ ያገኛል፤ የቆመውም አይወድቅም፤ የሚወድቅበት ቦታ የለምና።

ማታውን ምን ሲያደርግ ነበር? የአውሮፓ ኳስ አለ፤ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብሎ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነው ያለቀው። የማንችስተርን ወይም የለንደንን ቡድን ድካም ተካፍሎ ነው ቤቱ የገባው። እነሱ ነገ እረፍት አላቸው፤ እሱ በ11 ሰዓት አላርም አለው። አልጋ ውስጥ ደግሞ ‹‹አምስት ደቂቃ ብቻ›› ብሎ ቲክቶክ ይከፍታል። እዚያም ‹‹በጊዜ መተኛት የሚሰጣቸው አሥር ጥቅሞች›› የሚል ቪዲዮ ይገጥመውና እስከ መጨረሻው አይቶ ለእህቱ ይልክላታል። ሌሊት 8 ሰዓት ነው። እሷም ወዲያው ‹‹በጣም ጠቃሚ ነው ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ›› ብላ ትመልሳለች። ሁለቱም ተምረዋል፤ አንዳቸውም አልተኙም።

በማረፉ የማያፍር አንድ ሰው ግን አውቃለሁ። የቁም ሳጥንና የአልጋ ነጋዴ አዛውንት ናቸው። ጠዋት 1 ሰዓት ከፍተው፣ ከዙህር ሶላት መልስ ምሳቸውን በልተው፣ የሱቁን በር እስከ ግማሽ ዝቅ ያደርጉና ለሽያጭ ከቀረበው አልጋ ላይ ሃያ ደቂቃ ይተኛሉ። ጎረቤቶቻቸው ገበያ አመለጣቸው ብለው ያዝኑላቸዋል። አንዱ ወጣት ነጋዴ አንድ ቀን ‹‹አባባ፣ እንዲህ ተኝተው ሥራው አይበደልም?›› አላቸው። ‹‹ልጄ፣ ሱቁ የትም አይሄድም፤ ኪራዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ደሞ አልጋው ምቹ መሆኑን ደንበኛ በዓይኑ ያያል›› አሉት። እኒህን ሰው ‹‹እንዴት ነዎት?›› ስትሏቸው ዛሬም ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ነው የሚሉት። ወጣቱ በበኩሉ ያን ሰሞን ግሉኮስ ተተክሎለት ነበር።

እኛ ግን ተኝተን እንኳ መተኛታችንን አናምንም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልክ ይጮኻል። ተኝቶ የነበረው ሰው ብርድ ልብሱን ገፎ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ እንደምንም ድምፁን አቅንቶ ‹‹ሃሎ›› ይላል። ደዋዩ ጠረጠረ። ‹‹ውይ፣ ተኝተህ ነበር እንዴ?›› ‹‹ኧረ በፍጹም! አልተኛሁም!›› ‹‹ድምፅህ ግን…›› ‹‹ጉንፋን ነው!›› በገዛ አልጋው፣ በገዛ ሌሊቱ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የተኛ ሰው ጉንፋን ይዞኛል ይላል እንጂ ተኝቼ ነበር አይልም። ደዋዩም ጉዳዩ የነገ ወዲያ የእቁብ ዕጣ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ጂም ግባ፣ ሞሮኮ ባዝ ተው፣ ሞሪንጋ ጠጣ አልልህም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ዛሬ ማታ በጊዜ ተኛ፤ ሲደወልልህም ‹‹አዎ፣ ተኝቼ ነበር፤ ነገ እንነጋገር›› በል። አንቺም እህቴ እንደዚሁ፤ ሰሃኑ ባይታጠብም ያድር። እርስዎም ጋሼ፣ ደዋዩ እርስዎ ከሆኑ፣ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሞት ወይም ምጥ ካልሆነ በቀር አይደውሉ። የእቁቡ ዕጣ ጠዋትም ያው ዕጣ ነው።